የ796 ሕፃናት ስም ተገኝቷል፤ መቃብራቸውስ?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ይዘንላችሁ መጥተናል። ስክሮል አድርጋችሁ ከማለፋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ምክንያቱም ወሬው ከአየርላንድ ቢጀምርም የሚያበቃው እኛው ቤት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በምዕራብ አየርላንድ ቱዋም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ከተማ ውስጥ፣ መኖሪያ ቤቶች መሃል፣ አንድ ሣር የለበሰ ባዶ ቦታ አለ። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ቦታው ታጥሮ የፎረንሲክ ባለሙያዎች እየቆፈሩት ነው። ሥራው ሁለት ዓመት ገደማ እንደሚፈጅ ነው የተነገረው። የሚፈልጉት ወርቅ ወይም ጥንታዊ ዕቃ አይደለም። የሕፃናት አጽም ነው።

ቦታው ላይ ከ1925 እስከ 1961 ድረስ አንድ ትልቅ ቤት ነበረ። ሳያገቡ ያረገዙ ሴቶች የሚወልዱበት፣ ልጆቻቸውም የሚያድጉበት የእናቶችና ሕፃናት ማቆያ ነው። ያስተዳድሩት የነበሩት ቦን ሴኩር የሚባሉ የካቶሊክ ሲስተሮች ናቸው። የሕንፃው ባለቤትና በጀት ከፋዩ ግን የአካባቢው የመንግሥት ምክር ቤት ነበር። ይቺን ነገር ያዙልን፣ በኋላ እንመለስባታለን።

እንዴት ታወቀ?

ነገሩን ያወጣው ፖሊስ አይደለም፤ ፓርላማም አይደለም። ካትሪን ኮርለስ የሚባሉ፣ የአካባቢያቸውን ታሪክ በትርፍ ጊዜያቸው የሚያጠኑ አንዲት የቤት እመቤት ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምሩ ፕሮፌሰር አልነበሩም። ልጅ ሆነው የማቆያው ልጆች እሳቸው በሚማሩበት ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ልጆቹ ከሌላው ተማሪ ጋር እንዳይቀላቀሉ አርፍደው ይገባሉ፣ ቀድመው ይወጣሉ። ካትሪን አንድ ቀን ከነዚያ ልጆች ለአንዷ ውስጡ ከረሜላ የሌለበት የከረሜላ ወረቀት ሰጥተው ቀልደውባታል። ካደጉ በኋላ ያቺ ቀን እንደምትጸጽታቸው ራሳቸው ተናግረዋል።

በ2012 ስለ ማቆያው አንድ ጽሑፍ በአካባቢው የታሪክ መጽሔት ላይ አወጡ። ከዚያ ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛቸውም፤ እዚያ የሞቱት ሕፃናት የት ተቀበሩ? ወደ መዝገብ ቤት ሄደው፣ ከኪሳቸው እየከፈሉ፣ የሞት ምስክር ወረቀት አንድ በአንድ አወጡ። ድምሩ 796 ሆነ። ከዚያ የከተማውን የመቃብር መዝገብ አገላበጡ። ልጆቹ እዚያ የሉም።

በ1975 ሁለት ታዳጊ ወንዶች በዚያ ሰፈር ሲጫወቱ የተሰበረ የኮንክሪት ክዳን ስር አጥንት አይተው ነበር። የሰፈሩ ሰው ቦታው ላይ ጸሎት አደረሰ፣ ተሸፈነ፣ አለቀ። ለ40 ዓመት ያህል ማንም ምንም አልጠየቀም።

የካትሪን ሥራ በ2014 የዓለም ዜና ሆነ። በ2015 መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። መጋቢት 2017 ላይ ኮሚሽኑ ለሙከራ በተደረገው ቁፋሮ በርካታ የሕፃናት አጽም መገኘቱን ይፋ አደረገ። አጽሙ የተገኘው ከፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጋር የተያያዘ በሚመስል፣ በክፍል በክፍል በተከፋፈለ የምድር ውስጥ ግንብ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ከመወለጃቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት ካለው ጊዜ እስከ ሦስት ዓመት ግድም ይደርሳል።

አንድ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ...

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ "እሺ፣ አንድ ክፉ ቤት ነበር" ብሎ ያልፋል። ችግሩ አንድ ቤት አለመሆኑ ነው።

የኮሚሽኑ የመጨረሻ ሪፖርት ጥር 2021 ወጣ። 18 ተቋማት ተመርምረዋል። በነዚህ ቤቶች ወደ 56,000 እናቶችና ወደ 57,000 ሕፃናት አልፈዋል። ከሕፃናቱ 9,000 ያህሉ ሞተዋል። መቶኛ ስናሰላው 15 ከመቶ ነው። ከሰባት ልጅ አንድ እንደማለት ነው። ኮርክ አጠገብ ባለው ቤስቦሮ በሚባለው ቤት ከ900 በላይ ልጆች ሞተው ኮሚሽኑ የመቃብር ቦታቸውን ማወቅ የቻለው የ64ቱን ብቻ ነው።

"ያኔ ድህነት ነበር፣ ሕፃን በየቦታው ይሞት ነበር" የሚል ካለ፣ እውነት ነው፣ ይሞት ነበር። ግን ሪፖርቱ ራሱ ይሄን መልሶታል። ከ1960 በፊት እነዚህ ቤቶች ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆችን ሕይወት አላተረፉም፤ ይባስ ብሎ የመትረፍ ዕድላቸውን ቀንሰዋል ነው የሚለው። በ1940ዎቹ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ልጆቹ ከስተው መመንመናቸውን አይተው ጽፈዋል። ወረቀቱ ሚኒስቴሩ ደርሷል። መሳቢያ ገባ።

ይሄ የካቶሊኮች ጉዳይ ብቻ ነው የሚልም ይኖራል። አይደለም። ከተመረመሩት ውስጥ ደብሊን የነበረው ቤተኒ ሆም የፕሮቴስታንቶች ነበር። እዚያም ሞተው ያለ ምልክት የተቀበሩ ከ200 በላይ ልጆች አሉ። መንግሥት በቀጥታ ይመራቸው የነበሩት ማቆያዎችም ሁኔታቸው ከሁሉ የባሰ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን የሃይማኖት ክርክር አድርገን ኮሚንት ላይ እንዳንጣላ አደራ።

ገንዘቡ እንዴት ነበር የሚሠራው?

አሁን ወደ ትልልቆቹ ልጆች እንምጣ። አየርላንድ በእንግሊዝ ስር ሳለች በ1868 የወጣ አንድ ሕግ ነበር። "ኢንዱስትሪያል ስኩል" የሚባሉ ማደሪያ ያላቸው ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። ስሙ የሙያ ትምህርት ቤት ይመስላል፤ በተግባር ግን ድሃ ልጆች በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚላኩበት ቦታ ነው። በ1922 አገሪቱ ነጻ ስትወጣ አዲሱ መንግሥት ሥርዓቱን እንዳለ ተረከበው። ገንዘብ የለውም፣ ሠራተኛ የለውም። የሃይማኖት ማኅበራቱ ግን ሕንፃውም ሰውም አላቸው። እናም መንግሥት "እናንተ ያዙልን፣ እኛ እንከፍላለን" አለ።

አከፋፈሉ በልጅ ቁጥር ነበር። አንድ ልጅ፣ ይሄን ያህል በሳምንት። እስቲ አስቡት። ቤቱ ውስጥ 100 ልጅ ካለ የ100 ልጅ ይከፈላል። 80 ከሆነ የ80። ታዲያ ልጁን ወደ እናቱ የሚመልስ አሠራር ለማንም አይጠቅምም፤ ለልጁና ለእናቱ ካልሆነ በስተቀር። ከልጆቹ አብዛኞቹ ወንጀል ሠርተው አይደለም የገቡት። ድሃ ስለሆኑ ነው። አባት ሞቶ፣ እናት ታማ፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፍቶ። ለተቋሙ የሚከፈለው ብር ለእናትየው ቢሰጥ ኖሮ ስንቱ ልጅ ቤቱ ያድግ ነበር? ይሄን ጥያቄ ያኔ የጠየቀ ጥቂት ነው።

በ1999 ሜሪ ራፍተሪ የሚባሉ ጋዜጠኛ በአየርላንድ ቴሌቪዥን ስለነዚህ ቤቶች ተከታታይ ዶክመንተሪ አቀረቡ። አገር ተናወጠ። ግንቦት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በርቲ አኸርን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ቀጥሎ የተቋቋመው ኮሚሽን በ2009 ራያን ሪፖርት በመባል የሚታወቀውን አወጣ። ርዝመቱ 2,600 ገጽ ገደማ ነው። ድብደባው የአንድ ክፉ አስተማሪ ጠባይ ሳይሆን የአሠራሩ አካል እንደነበር፣ በወንዶቹ ቤቶች ወሲባዊ ጥቃት ሥር የሰደደ እንደነበር አረጋገጠ። ስለ ትምህርት ሚኒስቴሩ ያለው ደግሞ ለኛ ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጥ ነው። ሚኒስቴሩ ማኅበራቱን ይቆጣጠር የነበረው እያጎነበሰ ነበር። ሊቆጣጠራቸው የሚገባውን ሰዎች ይፈራ ነበር፣ ወይም ያከብር ነበር። ለልጁ ውጤቱ ያው ነው።

የነውሩ ድርሻ

ገንዘቡ ብቻውን ይሄን ሁሉ አያብራራም። አንዲት የ18 ዓመት ልጅ አረገዘች እንበል። ወደ ማቆያው የሚወስዳት ማነው? ብዙ ጊዜ ፖሊስ አይደለም። የገዛ አባቷ ነው፤ ወይም የሰፈሩ ቄስ፣ ወይም ሐኪሙ። ጎረቤት እንዳይሰማ በማታ። ሪፖርቱ እንዳለው ሳያገቡ ከወለዱ እናቶች ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት የገቡት ድርሻ በአየርላንድ ምናልባት ከዓለም ሁሉ ከፍተኛው ነው።

ያስረገዛትስ? እሱ የትም አልገባም። ቤቱ ነው ያለው።

ይሄ ለኛ ባዕድ አይደለም። አማርኛችን ውስጥ "ዲቃላ" የሚል ቃል አለ። ቃሉ የሚሰድበው ልጁን ነው፤ ልጁ ግን ምን አጠፋ? ስንት የኛ አገር ልጅ እርግዝናዋ እንዳይታወቅባት ከገጠር ወደ ከተማ ሸሽታለች? ስንቷስ ሰው ቤት ተቀጥራ ሆዷ ሲገፋ ተባርራለች? እኛ አገር ያንን ያህል የተደራጀ ማቆያ አልነበረም። ነውሩ ግን ነበረ። አሁንም አለ።

የፊሎሜና ታሪክ

ፊልሙን ያያችሁ ትኖራላችሁ፣ በ2013 የወጣ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ፊሎሜና ሊ በ1952 ሮስክሬ በሚገኘው ሾን ሮስ አቢ በሚባል ማቆያ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ለአሜሪካ ቤተሰብ በጉዲፈቻ ተሰጠ። ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ እንዲህ ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ የተላኩ ልጆች ከ2,000 በላይ ናቸው።

ልጁ ማይክል ሄስ ተብሎ አደገ። ትልቅ የሕግ ባለሙያ ሆነ፤ የሪፐብሊካን ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ዋና የሕግ አማካሪ እስከመሆን ደረሰ። እናቱን ፍለጋ ወደ ማቆያው ተመልሶ ሄዷል። እናትየውም ልጃቸውን ፍለጋ እዚያው ሄደዋል። ሁለቱም አንድ በር አንኳኩ። ለሁለቱም ምንም አልተነገራቸውም። ማይክል በ1995 ሞተ፤ እናቱ አንድ ቀን ብትመጣ ታገኘኛለች ብሎ ይመስላል፣ በተወለደበት በዚያው ግቢ ተቀበረ። ፊሎሜናም ልጃቸውን ያገኙት መቃብሩ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። እነዚህን እናትና ልጅ የለያያቸው ባሕር አልነበረም። አንድ ፋይል ነው። ፋይሉ አለ፤ የያዘው ሰው ግን "የለም" ወይም "አይመለከትህም" ይላል።

አየርላንድ ለጉዲፈቻ ልጆች የልደት መረጃቸውን ሙሉ በሙሉ የማግኘት መብት የሰጠ ሕግ ያወጣችው በ2022 ነው። ለብዙዎቹ እናቶች በጣም ዘግይቷል።

ይቅርታው ስንት ብር ነው?

ጥር 2021 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚሆል ማርቲን በፓርላማ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ግን በሪፖርቱ ተናደዱ። ሪፖርቱ ዋናውን ኃላፊነት ለአባቶችና ለቤተሰብ ሰጥቶ ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን ቀለል አድርጎ አለፈ አሉ። እኛ እንደምናየው ሁለቱም አለ። ቤተሰብ በሩን ዘግቷል፣ እውነት ነው። ግን በሩን እንዲዘጋ ከመድረክ ሲሰብክ የነበረው ማነው? የተዘጋባትን ልጅ ተቀብሎ ብር ሲቆጥር የነበረውስ? ደግሞ ምስክርነታቸውን ከሰጡ ሰዎች የ550ዎቹ የድምፅ ቅጂ መጥፋቱ ተሰማ። ጩኸት ከተነሳ በኋላ ነው ከመጠባበቂያ ቅጂ የተገኘው።

ካሳውን እንየው። በ2002 መንግሥት ከ18 የሃይማኖት ማኅበራት ጋር ተስማማ። እነሱ 128 ሚሊዮን ዩሮ የሚያወጣ ገንዘብና ንብረት ይሰጣሉ፣ የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል። የቀረው ስንት ሆነ? ጠቅላላ ወጪው ወደ 1.5 ቢሊዮን ዩሮ ደረሰ። ልዩነቱን የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው፤ ያደጉት ልጆች ራሳቸው ጭምር።

ለእናቶችና ሕፃናት ማቆያዎቹ ደግሞ መጋቢት 2024 ላይ 800 ሚሊዮን ዩሮ የተመደበለት የክፍያ ሥርዓት ተከፈተ። ግን በልጅነታቸው ከስድስት ወር በታች የቆዩትን አያካትትም። ከእናቱ በአምስተኛ ወሩ የተነጠለ ልጅ አልተጎዳም እንደማለት ነው። ማኅበራቱ እንዲያዋጡ ሲጠየቁ ጎላ ያለ ጥሬ ገንዘብ ያቀረበው ቱዋምን ይመሩ የነበሩት የቦን ሴኩር ሲስተሮች ማኅበር ነው፤ 12.97 ሚሊዮን ዩሮ። አብዛኞቹ ምንም አላቀረቡም።

እኛስ?

ከመካከላችን አንዷ ልጅ እያለች በየበዓሉ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ወደ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ትሄድ ነበር። ዳቦ፣ ለስላሳ፣ መዝሙር፣ ፎቶ። ፎቶዎቹ አሁንም ስልኳ ላይ አሉ። ይሄን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አወጣቻቸውና አየናቸው። እሷ እቅፍ ውስጥ ያሉትን ልጆች የአንዳቸውንም ስም አታውቅም። "ጠይቄ አላውቅም" አለችን።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምንጽፈው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ከመንገድ ያነሷቸው፣ ያጠቧቸው፣ ያስተማሯቸው ሰዎች ባይኖሩ ዛሬ በሕይወት የማይኖሩ ወንድምና እህቶች አሉን። ብዙዎቹ አንሺዎች የሃይማኖት ሰዎች ነበሩ። እሱን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ውለታ ከቁጥጥር ነጻ አያደርግም። አየርላንድ ውስጥ የሆነውም ይሄው ነው። "እነሱ እኮ ለእግዚአብሔር ብለው ነው የሚሠሩት" ስለተባለ ማንም በሩን ከፍቶ አላየም።

የኛም ፋይሎች አሉ። በ2010 ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ብቻ በጉዲፈቻ የሄዱት ልጆች ከ2,500 በላይ ነበሩ። በዚያ ዓመት ከቻይና ቀጥሎ ሁለተኛ ነበርን። የውጭ ሚዲያዎች በተለያየ ጊዜ እንደዘገቡት ወላጅ እያላቸው "ወላጅ አልባ" ተብለው የተመዘገቡ ልጆች ነበሩ። ልጄ ተምሮ ይመለሳል፣ ደብዳቤ ይጽፍልኛል ብለው ፈርመው የሰጡ እናቶችም ነበሩ። በ2011 መንግሥት ቁጥሩን በእጅጉ ቀነሰ። ዴንማርክ በ2016 ከኢትዮጵያ ልጅ መቀበል አቆመች። ጥር 2018 ላይ የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን ጨርሶ ከለከለ።

በሩ ተዘጋ። የሄዱት ልጆች ግን ዛሬ አድገዋል። በኛ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ቲክቶክ ላይ የልጅነት ፎቷቸውን ይዘው "እናቴን አፋልጉኝ" የሚሉትን አይታችኋል። ስማቸው ሜሮን ወይም ዳንኤል ነው፣ አማርኛ አይችሉም። ወደ ማሳደጊያው ሲደውሉ አንዳንዱ ተዘግቷል፣ አንዳንዱ ስሙን ቀይሯል። ፋይሉስ ማን ጋ ነው? ቀበሌ? ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ቢሮ? ፍርድ ቤት? ወይስ አንድ የተቆለፈ መጋዘን ውስጥ አይጥ እየበላው ነው?

የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ በተቻለ መጠን ወላጆቹን የማወቅ መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ በ1991 አጽድቃዋለች። ስለዚህ ይሄ የጽድቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመብት ጉዳይ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ካትሪን ኮርለስ ያደረጉትን እንመልከት። ሰልፍ አልወጡም፣ ማንንም አልሰደቡም። ስም ሰበሰቡ። እኛም ከዚያ መጀመር እንችላለን።

አንደኛ፣ በበዓል ማሳደጊያ ስንሄድ ከፎቶው በፊት እንጠይቅ። ፈቃዱ ታድሷል? የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ መጣ? ከልጆቹ ቤተሰብ ያለው የትኛው ነው፣ ቤተሰቡስ ቢረዳ ይወስደዋል? የልጆቹን ፊት ፖስት ማድረጉ ደግሞ ይቅር።

ሁለተኛ፣ ብር የምናዋጣ ከሆነ አንዱን እጅ ለእናቶች እናድርገው። ለአንዲት ጀበና ቡና ለምትሸጥ እናት የቤት ኪራይ መክፈል አንድ ልጅ ማሳደጊያ እንዳይገባ ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ ማሳደጊያ ውስጥ የምትሠሩ፣ ወይም ድሮ የሠራችሁ ካላችሁ፣ መዝገቡን አትጣሉት። ያረጀ ወረቀት ይመስላችኋል። ለአንድ ሰው ግን እናቱ ናት።

ቱዋም ላይ ከሚገኘው አጽም የዲኤንኤ ናሙና ተወስዶ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ዘመዶች ናሙና ጋር ይመሳከራል ተብሏል። ከዘመዶቹ ብዙዎቹ አርጅተዋል። ወንድሜን ሳልቀብር እንዳልሞት ብለው የሚጠብቁ አሉ። የኛዎቹ እናቶች ደግሞ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ቁፋሮ አያስፈልጋቸውም። ፋይል የሚከፍት ሰው ነው የሚያስፈልጋቸው።

እናንተ ማሳደጊያ ያደጋችሁ፣ ወይም ዘመድ የምትፈልጉ ካላችሁ ታሪካችሁን በውስጥ መስመር ላኩልን። ሳትፈቅዱ ስማችሁን አናወጣም። ሌሎቻችሁ ሐሳባችሁን ጻፉልን፣ ለሚመለከተው ሰውም ሼር አድርጉት።